ወደ መንገድ የዞረው ግድግዳ

አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ ማር፣ ጨውና በርበሬ ይሸጣል። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ሁሉ በደጁ ያልፋል።

መምሬ ይትባረክ ይህን ምሳሌ የነገሩት ለንስሐ ልጃቸው ለትርሲት ነው። ሁለተኛ ልጇ ክርስትና በተነሣ ማግስት ቤቱን ሊባርኩ ቢመጡ፣ ባልና ሚስቱን ተኳርፈው አገኟቸው። የተጣሉት በፎቶ ነው። ትርሲት ሕፃኑ ራቁቱን ከመጠመቂያው ሲወጣ ያነሣችውን፣ ትልቋ ልጇም የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ የቆመችበትን ፎቶ ከነስማቸው፣ ከነልደት ቀናቸው ኢንተርኔት ላይ ለጥፋለች። ባሏ አውርጂው ይላል። እሷ ደግሞ ምኑ እንዳስቆጣው ፈጽሞ አልገባት ብሏል።

«አባቴ፣ የወለድኩትን ልጅ ወድጄ ባሳይ ምን አጠፋሁ?» ስትል ጠየቀቻቸው። «ያየው ሁሉ መረቀልኝ። ክፉ የተናገረ አንድ ሰው የለም።»

መምሬ ስልኳን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ እንድታስቀምጠው አዘዟት። ኩርፊያውን ይዞ በር ላይ የቆመውን ባሏንም ገብቶ እንዲቀመጥ ነገሩት። ከዚያ ነው፣ አንድ ሰው ነበረ ብለው የጀመሩት።

ይህ ሰው ብዙ ዘመን ልጅ አጥቶ የኖረ ነው። እሱም ሚስቱም ያልተሳሉበት ደብር፣ ያልጠጡት ጠበል አልነበረም። ተስፋ ቆርጠው ከተዉት በኋላ ሴት ልጅ መጣችላቸው። ከማነሷ የተነሣ አዋላጇ እንኳ ትተርፋለች ብላ አፏን ሞልታ አልተናገረችም። ካህኑ የክርስትና ስም አወጡላት፤ አባቷም የዓለም ስም ሰጣት። እናቷ ግን የሰሊጥ ፍሬ አክላ ስለመጣች ቤት ውስጥ ሰሊጤ አለቻት። ይህ ስም ከቤቱ ደፍ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

መንገድ ዳር ልጅ ማሳደግ ያስፈራል። ዛሬ የታየ ፊት ነገ ተመልሶ አይታይም። ስለዚህ ልጅቷ ነፍስ ማወቅ ስትጀምር ወላጆቿ አንድ ሕግ አወጡላት። በዓለም ስምሽ የጠራሽ ሰው እንግዳ ነው፣ ከደጅ እንዳትርቂ። ሰሊጤ ብሎ የጠራሽ ግን የእኛ ሰው ነው፤ እሺ በይው፣ ተከተይው። በዚያ አገር ሰው ሁሉ ልጁን የሚጠብቀው እንዲህ ነበር። ልጅቷም ሕጉን በቃሏ ያዘችው። ለጨርቅ አሻንጉሊቷ ሳይቀር ታስተምራት ነበር።

አንድ ክረምት አንድ ሠዓሊ ወደዚያ ቤት መጣ። በሩቅ ደብር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ወንዙ ሞልቶ መንገድ ዘጋበት። ነጋዴዎቹ በዋናተኛ ትከሻ ይሻገራሉ፤ ሠዓሊው ግን ቀለሙና ቆዳው ውኃ እንዳይነካበት ፈራ። ሰውየው ደግ ነበርና አሳደረው፤ ለአንድ ሌሊት የመጣው እንግዳ ክረምቱን ሊያጋምስ ሆነ። ሠዓሊው አፈረና፣ ውለታህን የምመልሰው በእጄ ሙያ ነው፣ ልጅህን ልሳልልህ አለው።

ሰውየውን ደስታ የሚያደርገውን አሳጣው። ሚስቱ በጓዳው ግድግዳ ላይ፣ ከመኝታችን ራስጌ ይሁን አለች። እሱ ሳቀባት። ጓዳ ውስጥ ማን ሊያየው ነው፣ አይጥ ነው የሚያደንቀው አላት። የሠዓሊውን እጅ ይዞ ወጣና ወደ መንገድ የዞረውን ግድግዳ አሳየው። አዲስ የተለቀለቀ ሰፊ ግድግዳ ነበር፤ ከሩቅ ይታያል።

ሠዓሊው ሳላት። ዐይኗ ጎላ ጎላ ያለ፣ ስትስቅ አንድ ጉንጯ ብቻ የሚሰረጉድ ልጅ ነበረች፤ ሥዕሉ ቁርጥ እሷን መሰለ። ሲጨርስ ከሥሩ ስሟን ሊጽፍ ፈልጎ ማን ልበል ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ትንሽ አሰበ። የዓለም ስሟ የማንም ልጅ ስም ሆኖ ታየው።

«ሰሊጤ ብለህ ጻፍ» አለው።

«የቤት ስሟን?» አለ ሠዓሊው፣ ቀለሙን በእጁ እንደያዘ።

«እሱ ነው የሚያምርባት።»

ተጻፈ። በማግስቱ ነጋዴዎች ሲያልፉ ቆሙ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው አነበበለት። ሸክማቸውን አውርደው አደነቁ፣ እግዚአብሔር ያሳድጋት ብለው መረቁ። ሰውየው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ልጅ አልባ ሆኖ የኖረባቸው ዓመታት፣ ሰው በሐዘኔታ ያየው የነበረው ሁሉ፣ በዚያች ጠዋት የተካሰለት መሰለው። እኔ በዚህ አልፈርድበትም።

ግን አንድ ቀን ጠግቦ የሚተው ነገር አልሆነም። ነጋዴ ሳያይ ካለፈ ቀኑን ሙሉ ይከፋዋል። ያየው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ሥዕሉን ስለለመደው ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ሠዓሊውን አዲስ ነገር ጨምርልኝ አለው። ሠዓሊውም ወንዙ ገና አልጎደለለትምና ጨመረ። የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ሳላት። አውራ ዶሮ አሳድዷት ስታለቅስ ሳላት። አውራ ጣቷን ጎርሳ ተኝታ ሳላት። እናቷ በገበቴ ውስጥ ስታጥባትም፣ ጭኗ ላይ ካለው ጠባሳ ጋር፣ እንደተፈጠረች ሳላት።

ከዚያ ሰውየው ሥዕሉን ማሳየት ብቻ አልበቃውም። አጠገቡ ቆሞ መተረክ ጀመረ። ማር ስትወድ እንዲህ ናት ይላል፤ ማር ካሳያችኋት እስከ ቆላ ትከተላችኋለች ይላል። በማለዳ እናቷ ከብት ስታልብ ብቻዋን በጓሮ እንደምትጫወት ይናገራል። ብዙ የሚጠይቅ መንገደኛ ሲገኝማ ደስታው እጥፍ ነው፤ አስቀምጦ ያጫውተዋል። አንዳንዱ ከሰል አውጥቶ ሥዕሉን በፍየል ቆዳ ላይ ይገለብጣል። ሰውየው ቆዳው እንዳይሸበሸብ በሁለት እጁ ወጥሮ ይይዝለታል።

አንድ ቀን የጎረቤት ልጆች በገበቴው ሥዕል ላይ እየጠቆሙ ሲስቁ ሰሊጤ ደረሰች። ሄዳ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ሥዕሉን ሸፍና ቆመች። አባቷ ይህን ሲያይ ጨዋታ መስሎት ሳቀ። እንግዶች እየመጡ ነውና ዞር በይላቸው አላት። ልጅቷ ዞር አለች። የዚያን ቀን ማሩን ቢሰጣት አልበላችም።

ሚስቱ ይህን አይታ ነበር። «ለመሆኑ ጠይቀሃት ታውቃለህ?» አለችው።

ሰውየው ግራ ገባው። ልጅ ምን ተብላ ትጠየቃለች? ደግሞስ ግድግዳው ላይ ያለችው ራሷ አይደለችም ወይ አላት። ሚስቱ እሱኮ ነው የምልህ አለችው። ነገሩ ዞረበት። ያመሰገኑት ሰዎች ብዙ ናቸው፣ የከፋት ሚስቱ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ያጠፋችው ሚስቱ መሰለችው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በይልኝ ልጄ፣ ክፉ ሰው አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ጉም አገሩን ሸፈነው። በዐሥር እርምጃ ያለ ዛፍ አይታይም። ጨው ነጋዴዎች ከብርዱ ሸሽተው ከሱቁ ጥግ ስር ተጠጉ። ሰውየው ደስ አለውና ተነሣ፤ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ስለ ወለቀችው ጥርስ መተረክ ጀመረ። ጥርሷን ወደ ጣሪያ ወርውራ የምትለውን ረስታ እንዴት እንዳለቀሰች እየነገራቸው ሳለ፣ ከኋላው የበቅሎ ኮቴ አለፈ።

ከነጋዴዎቹ አንዱ አንገቱን አሰገገ። አሁን በበቅሎ ያለፈችው ሕፃን ይህችን አትመስልም ወይ አለ።

ሰውየው ኩራት ተሰማው። ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል፣ ሥዕሉን ያየ ሁሉ በየሕፃኑ ፊት ላይ እሷን ማየት ጀምሯል ብሎ ሳቀ። ዞር ብሎ አላየም። የጥርሷን ታሪክ ገና አልጨረሰም ነበርና።

ታሪኩ ሲያልቅ ሚስቱ ከጓሮ መጣች፤ እጇ ላይ የወተት ዕቃ አለ። ሰሊጤ አንተ ጋ ናት ወይ አለችው። አንቺ ጋ አይደለችም ወይ አላት። ሁለቱ ተያዩ። ያ ነጋዴ ያየውን ደገመው፤ ልጅቷ ከአንድ ሰው ፊት በበቅሎ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ማር ትልስ ነበር፣ አላለቀሰችም አለ። ሰውየው በሥዕሏ ፊት ቆሞ ስለ እሷ ሲያወራ፣ ራሷ ልጅቷ በጀርባው በኩል አልፋ ሄዳለች።

ሮጠ። ሲሮጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር በአእምሮው የሚመላለሰው። ለምን አልጮኸችም? ስለታም ጩኸት አላት፣ ለዶሮ እንኳ መንደር የምታስነሣ ልጅ ናት። እንዴት እንግዳ ሰው ሲያነሣት ዝም ትላለች? ዳገቱን ሲወጣ አልገባውም፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ገባው። የወሰዳት ሰው ምን ብሎ እንደጠራት ገባው። ሰሊጤ ብሎ የጠራሽ የእኛ ሰው ነው፣ ተከተይው ያላት ራሱ ነው። ልጅቷ አልተሳሳተችም። የተባለችውን ነው ያደረገችው።

ወንዙ ዳር ሲደርስ ጉሙ ይብስ ወፍሯል። ወንዙ ሞልቶ ያገሳል። ዋናተኞቹ ሰው በትከሻ እየተሸከሙ በተራ ያሻግራሉ፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ከነበቅሎው፣ ከነአህያው በጉም ውስጥ ተደባልቆ ቆሟል። ድምፅ ይሰማል እንጂ ፊት አይታይም። ሰውየው ከአንዱ በቅሎ ወደ ሌላው እየተደናበረ ሮጠ፤ የሰው እግር ረገጠ፣ ጭነት ላይ ወደቀ። በመጨረሻ ቆሞ ባለ በሌለ ድምፁ «ሰሊጤ!» ብሎ ተጣራ።

ከግራው በኩል አንድ ነጋዴ ሰሊጤ ብሎ ተቀበለው። ሥዕሉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ መርዳቱ ነበር። ከቀኝ ሌላው ሰሊጤ አለ። ከኋላ የሴት ድምፅ ሰሊጤ አለ። አንዳንዱ ለማፋለግ፣ አንዳንዱ ነገሩ ጨዋታ መስሎት ስሟን አነሣው። ሰሊጤ ከላይ፣ ሰሊጤ ከታች፣ ሰሊጤ ከወንዙ ማዶ ሳይቀር መጣ። ሰውየው በመካከል ቆሞ ዙሪያውን አየ። የገዛ ድምፁ የት እንደሄደ ጠፋው። ከሰው ድምፅ መለየት አልቻለም።

ልጅቷም እዚያው ነበረች። ከእሱ ጥቂት ራቅ ብላ፣ በበቅሎ ላይ፣ ከንፈሯ ማር እንደሆነ። ትሰማ ነበር። ሰሊጤ ያለ የእኛ ሰው ነው፤ ይዟት የመጣውም ሰሊጤ ብሏታል፤ አሁን ደግሞ ጉሙ ሁሉ ሰሊጤ ይላል። ሁሉም የእኛ ሰው ከሆነ ወደ ማን ይኬዳል? ጨነቃት። ለማን እሺ እንደምትል ስላላወቀች ለማንም አልመለሰችም። ይዟት የመጣው ሰው ተራው ደርሶ በቅሎውን ወደ ውኃው ሳበ።

ያን ጊዜ እናቷ ደረሰች። ነጠላዋ መንገድ ላይ ወድቋል፣ ጫማዋም የለም። ባሏ አሁንም ሰሊጤ ሰሊጤ እያለ ድምፁ ሰልሏል። ከኋላው መጥታ እጇን አፉ ላይ ጫነችው። አፈነችው ማለት ይቀላል። ከዚያ ራሷ ድምፅ አሰማች።

ምን እንደሆነ እዚያ የነበሩት አልተስማሙበትም። አንዱ ፉጨት ነው አለ። አንዱ ጥጃ እንደሚጠሩት በምላስ የሚደረግ ነገር ነው አለ። አንዷ ሴት ደግሞ ሳቅ ነበር፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሚወጣ ሳቅ ነበር ብላ ምላለች። ቀጭን ነገር እንደነበረና በወንዙ ጩኸት መካከል ሰንጥቆ እንዳለፈ ግን ሁሉም ያምናሉ። እናትና ልጅ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ በመኝታ ሰዓት ወይም በጓዳ፣ ለራሳቸው ያበጁት ነገር ነው። ማንም አልሳለውም፣ ማንም አልጻፈውም፣ ለመንገደኛ አልተተረከም። ሰዎቹ ይህን እንደ ሰሙ ሊደግሙት አፋቸውን ከፈቱ፤ ምን እንደሚሉ አጥተው ዝም አሉ።

ከጉሙ ውስጥ ከውኃው ዳር ተመሳሳይ ድምፅ መለሰ። ትንሽ ድምፅ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጭቃው ላይ ዘጭ ሲል ተሰማ፤ ልጅቷ ከበቅሎው ዘልላ ነበር። በሰው እግር መካከል እየሾለከች መጥታ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። ሁለቱም ተቀምጠው አለቀሱ። ሰውየው አጠገባቸው ቆመ። እሱም ያለቅስ ነበር፣ ግን እጁን ዘርግቶ ሊነካቸው ፈራ።

ይዟት የመጣው ሰው በጉሙ ውስጥ ተሻግሮ ጠፋ። ፊቱን ያየ ሰው የለም። ልጅ የራበው ሰው ይሁን፣ ልጅ የሚሸጥ ይሁን እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሱ ግን የልጅቷን ፊት፣ ስሟን፣ የምትወደውን፣ የምትፈራውንና በጠዋት ብቻዋን የምትሆንበትን ቦታ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ሰውየው በዚያው ቀን ኖራ በጥብጦ ግድግዳውን ለቀለቀው። ቀለሙ በኖራው ሥር እየታየ ቢያስቸግረው ደጋግሞ ለቀለቀው። ያለቀለት መስሎት ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ የበርበሬ ነጋዴ መጥቶ፣ የልጅህን ሥዕል በቆላ ገበያ በአንድ ማረፊያ ቤት ተሰቅሎ አየሁት ብሎ አበሠረው። ሰውየው ቀንና ሌሊት ተጉዞ ሄደ። እውነትም አለች፤ በፍየል ቆዳ ላይ፣ በገበቴው ውስጥ፣ ከነስሟ። መልስልኝ ብሎ ባለቤቱን ለመነው። ያ ሰው ደግሞ በሐቅ ተገረመ። ቆዳው የእኔ፣ ከሰሉ የእኔ፣ ስገለብጠው ወጥረህ የያዝክልኝ አንተ፣ ታዲያ ምንህን ልመልስልህ አለው። ሰውየው ከማን ጋር እንደሚጣላ ግራ ገብቶት ተመለሰ።

ቤቱ ሲደርስ ከደጅ ሆኖ ሰሊጤ ብሎ ጠራ። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትጫወት ነበር። ቀና ብላም አላየችው። ያ ስም ከዚያች ጠዋት ወዲህ የማንም ሆኗል፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይጠራበታል። ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ልጁን የሚጠራበት አጣ። ሚስቱን ያን ድምፅ አስተምሪኝ አላት።

«ለአንተማ?» አለች ሚስቱ። «ነገ ግድግዳ ላይ ላገኘው?»

አልተቆጣም። ሲያስበው እውነቷን ነበር።

ዘመን አለፈ። ልጅቷ ቁመት ጨመረች። ያ ሠዓሊም በሌላ ጊዜ በዚያ ሲያልፍ ገብቶ ልሳልልህ ወይ አለ። ሰውየው መልስ ሳይሰጥ ተነሥቶ ወደ ልጁ ሄደ፤ ቁጭ ብሎ ፊቷን እያየ ጠየቃት። ልጅቷ መጀመሪያ ምን እንደተባለች አልገባትም፤ ተጠይቃ አታውቅማ። ከዚያ አሰበችና በጓዳ ይሁን አለች፣ ልብሴን ለብሼ ይሁን አለች፣ ጥርሴ የወለቀውንም ድገመው፣ እሱ ያስቀኛል አለች። በጓዳው ግድግዳ ላይ ተሳለ። ቤታቸው የሚገባ ዘመድ ያየዋል፤ መንገደኛ አያየውም። ስም አልተጻፈበትም።

ሠዓሊው በሄደ ማታ ልጅቷ ወደ አባቷ መጣች። አንገቱን አቅፋ ጆሮው ሥር አንድ ነገር አለችው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር። ምን አገኘህ ብለው ነጋዴዎቹ ሲጠይቁት ምንም ይላል። ጨውና ማሩን መመዘኑን ይቀጥላል።

መምሬ ይትባረክ እዚህ ላይ አቁመው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ወደ መንገድ የዞረው ግድግዳ ይኸው በፊቱ የደፋነው ስልክሽ ነው። መንገዱ ያንቺ ደግሞ ከዚያ ሰውዬ መንገድ ይሰፋል፣ ጉሙም ይወፍራል። ክፉ የተናገረ አንድ ሰው የለም ብለሽኛል። በዚያ ግድግዳ ፊትም ክፉ የተናገረ አልነበረም። ማር እንደምትወድ ሥዕሉ አይናገርም፤ ልጅቷን የወሰደው ሰው ያንን የሰማው ከሌሎቹ ጋር ቆሞ ነው። ከመራቂዎቹ አንዱ ነበር ማለት ነው። እግዚአብሔር ያሳድጋት ሳይል የቀረ ይመስልሻል?»

የትርሲት እጅ ወደ ስልኩ ሄደና መሐል ላይ ቆመ። ባሏ ምሳሌው እሱን የማይመለከተው መስሎት ደረቱን ሊነፋ ሲል መምሬ ዐይናቸውን ጣሉበት። አንተም ባለፈው ሳምንት ልጅቷ በትምህርት ቤቷ በር ላይ የቆመችበትን ለመሥሪያ ቤት ጓደኞችህ ሁሉ ልከሃል፣ ሰምቻለሁ አሉት። እሱም አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ ፎቶ ከእንግዲህ አላንሣቸው?» አለች ትርሲት። ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ ነበረ። «ማደጋቸውን በምን ላስታውሰው ነው?»

«አንሺ እንጂ፤ ማን አታንሺ አለሽ? ሰውየውም በመጨረሻ ልጁ እንድትሳል አድርጓል። አንሺና በጓዳሽ አኑሪው። አያታቸው ማየት ከፈለገች ለእሷ ብቻ ላኪላት፣ ለማንም እንዳታሳልፈውም ንገሪያት። ከነስማቸው፣ ከነትምህርት ቤታቸው፣ ከነልደት ቀናቸው ለአላፊ አግዳሚው አትስጪ። እርቃናቸውንማ ለማንም። ሕፃኑ መናገር አይችልም፣ ስለ እሱ አንቺ አፍሪለት። ትልቋ ግን አፍ አላት። ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

ትርሲት ልጅቷ ወደምትጫወትበት ጓሮ አየች። ትልቋ ልጅ ትናንት በክርስትናው ላይ ፎቶ ስትነሣ ፊቷን በክንዷ ሸፍና እንደነበር፣ እሷም አስቸጋሪ ልጅ ብላ ክንዷን ከፊቷ እንዳወረደችባት ትዝ አላት። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ስልኩን አነሣች፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያወረደች ቆየች። በመካከሉ ቀና አለችና፣ ሌሎች ሰዎች ወስደው ያስቀሩት ቢኖርስ ብላ ጠየቀች።

«የተወሰደውን እኔም አልመልስልሽም» አሉ መምሬ። «አውርዱልኝ ብለሽ ለምኚ፤ የሚሰማ ይሰማሻል። ገና ያልሰጠሽው ግን እጅሽ ላይ ነው።»

ተነሥተው መስቀላቸውን አሳለሟቸው። ወደ በሩ ሲራመዱ ትርሲት ከኋላቸው ተከተለች። ከምሳሌው አንድ ያልገባት ነገር ቀርቷል።

«አባቴ፣ ያቺ እናት ወንዝ ዳር ያሰማችው ድምፅ ግን ምን ነበር?»

መምሬ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። «እኔ አላውቀውም ልጄ» አሏት። «እኔ የማውቀው ቢሆን ኖሮ ልጅቷን የወሰዳት ሰውም ያውቀው ነበር፤ ልጅቷም አትመለስም ነበር።»